ንግሥቲቱ፣ ማሩና ውኃው፦ በንግሥተ ሳባ ተከታታይ የሸራ ሥዕሎች ውስጥ የፆታ ምልክቶችና ወሲባዊነት

መግቢያ

ከጅማ በስተ ምዕራብ በምትገኘው የቡና ከተማ በአጋሮ፣ ነጋዴዎችና ሾፌሮች በሚያዘወትሩት አንድ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ጠርዙ በጢስ የጠቆረ የሸራ ሥዕል ተሰቅሏል። ሸራው በአራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ሥር አጭር የአማርኛ መግለጫ ተጽፎበታል። ታሪኩ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ነው። ዘንዶው ይገደላል፤ ንግሥቲቱ ትነግሣለች፤ ወደ ኢየሩሳሌም ትጓዛለች፤ በሰሎሞን ቤት ታድራለች፤ ምኒልክን ትወልዳለች፤ ምኒልክም አባቱን ፍለጋ ሄዶ ከታቦተ ጽዮን ጋር ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሥዕል በአገራችን እጅግ የተለመደ ስለሆነ ከተመጋቢዎቹ መካከል ቀና ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

ይህ አጭር ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሠዓሊው ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ አድርጎ የሚያሳየው በምንድን ነው? በአንዱ ክፍል በዙፋን ላይ የተቀመጠችው ገዥና በሌላው ክፍል በሌሊት እጇን የተያዘችው ሴት አንድ ሰው መሆኗን ተመልካቹ የሚያውቀው በየትኛው ምልክት ነው? በእነዚህ ሁለት ክፍሎች መካከልስ የተለወጠው ምንድን ነው? የአልጋው ክፍል ለአብዛኛው ተመልካች የብልሃት ወይም የፍቅር ትዕይንት ነው፤ ሲተረክም ሳቅ ያስከትላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ክፍሉ ከዚያ በላይ ነው የሚል ነው፤ ሥልጣን ከሴት ወደ ወንድ የተላለፈበት፣ በሥዕል የተጻፈ የሕግ አንቀጽ ነው።

የንባቡ ዘዴ

ጥናቱ እያንዳንዱን ክፍል በአራት ምልክቶች ያነባል፤ እነርሱም የራስ ጠጉርና የራስ ጌጥ፣ ልብስ፣ በእጅ የተያዘ ነገር፣ እንዲሁም የሰውነት አቀማመጥና የፊት አቅጣጫ ናቸው። ይህ አነባበብ የተወሰደው በሥነ ሥዕል ታሪክ የፆታ ጥያቄ በስፋት ከተነሣበት ከጃፓን የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ጥናት ነው። ንጽጽሩ የተመረጠው በሁለቱ ጥበቦች መካከል ታሪካዊ ግንኙነት ስላለ አይደለም። ሁለቱም ከቤተ መንግሥትና ከቤተ እምነት ውጭ ለገበያ የተሠሩ፣ ተመልካቹ በቀላሉ እንዲያውቃቸው በተደጋጋሚ ምልክቶች የሚገለገሉ፣ ገላን ከማሳየት ይልቅ በልብስ የሚናገሩ ሥዕሎች ስለሆኑ ነው።

ኡኪዮ-ኤ የሚባለው ይህ የኅትመት ጥበብ በኤዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የከተሜውን ሕዝብ ጣዕም ተከትሎ የዳበረ ነው። ሱዙኪ ሃሩኖቡ እ.ኤ.አ. በ1765 አካባቢ ባለ ብዙ ቀለም ኅትመቶችን በማውጣት ስሙ ገነነ። በሃሩኖቡ ሥዕሎች ውስጥ ወጣት ወንድና ወጣት ሴት በፊት መልክ፣ በቁመትና በቅጥነት አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። የሚለያቸው የጠጉር አቆራረጥ፣ የመቀነት አስተሳሰርና በወገብ የተሻጠ ሰይፍ ነው። ዋካሹ የሚባለው ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ወጣት ከአናቱ ትንሽ ተላጭቶ የፊት ጠጉሩን ያስቀራል፤ እንዳላገባች ልጃገረድም እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይለብሳል። የመሸጋገሪያው ሥርዓት ሲፈጸምለት የፊት ጠጉሩ ይላጫል፤ እጅጌው ያጥራል፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ወንድ ነው። በዚያ ዘመን ዋካሹ የሴቶችም የጎልማሳ ወንዶችም የፍቅር ምኞት ሆኖ ይሣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በቶሮንቶ የሚገኘው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም እነዚህን ወጣቶች እንደ ሦስተኛ ፆታ የሚያይ ዐውደ ርእይ ማቅረቡ የጥናቱ መስክ የደረሰበትን ደረጃ ያሳያል።

መድረኩም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች በካቡኪ ቴአትር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ በ1652 ደግሞ የወጣት ወንዶቹ ካቡኪ ታገደ። ከዚያ በኋላ የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ኦናጋታ የሚባሉ ወንዶች ሆኑ፤ የኅትመት ሠዓሊዎችም እነርሱን በሺህ ቅጂ አሠራጩ። ሹንጋ በሚባሉት ግልጽ ወሲባዊ ኅትመቶች እንኳ ሰዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ማንነታቸውን፣ ዕድሜያቸውንና መደባቸውን የሚናገረው ልብሱ ነውና። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። በእንዲህ ያለው ሥዕል ፆታ በገላ ላይ የሚገኝ ሳይሆን በምልክት የሚለበስና የሚወልቅ ነው። ምልክቱ በሚለወጥበት ቦታ ላይ ማቆም የአንባቢው ሥራ ነው።

የሥዕሉ ዓይነት

የንግሥተ ሳባ ተከታታይ ሥዕል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዲስ አበባ የተስፋፋ የገበያ ጥበብ ነው። ሠዓሊዎቹ በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ሥርዓት የተማሩ ሲሆኑ፣ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለውጭ አገር ነዋሪዎችና ለአገር ውስጥ ገዢዎች ይሸጡ ነበር። በላቸው ይመር ከእነዚህ ሠዓሊዎች መካከል ስማቸው ከሚታወቀው አንዱ ናቸው። ትልልቆቹ ሸራዎች ብዙውን ጊዜ 44 ክፍሎች አሏቸው፤ ትንንሾቹ ታሪኩን ያሳጥራሉ። ሠዓሊዎቹ ከቤተ ክርስቲያን የወረሱት አንድ ደንብ ለንባባችን ይጠቅማል፤ ጻድቅ ወይም መልካም ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ ሰው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ፊቱ የዞረበት አቅጣጫ ራሱ ፍርድ ነው።

የታሪኩ ዋና ምንጭ ክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ በግእዝ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን፣ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በረዳቶቹ እንደሆነ በመደምደሚያው ተገልጿል። ሠዓሊው ግን ከመጽሐፉ ብቻ አይቀዳም፤ ዘንዶው፣ የንግሥቲቱ እግርና የደንገጡሯ ታሪክ ከቃል ትውፊት የመጡ ናቸው። የሥዕሉን ምርጫ ለመረዳት በቅድሚያ ትውፊቶቹን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ሦስት ፈተናዎች፦ መስተዋት፣ ማርና ውኃ

የንግሥቲቱ ታሪክ በሚነገርባቸው ሦስት ትውፊቶች ሁሉ ሰሎሞን ይፈትናታል፤ ፈተናው ሁሉ የሚያርፈውም በሰውነቷ ላይ ነው።

የመጀመሪያው በእስልምና የሚታወቀው ነው። በቁርኣን 27ኛ ምዕራፍ በሱረቱ አን-ነምል እንደተተረከው፣ የሳባዋ ንግሥት ወደ ሰሎሞን ቤተ መንግሥት ስትገባ የመስተዋቱን ወለል ባሕር መስሏት ባቷን ገለጠች፤ ወለሉ መስተዋት እንደሆነ ሲነገራትም አምና ለፈጣሪ እጅ ሰጠች። ስሟን ቢልቂስ የሚሉት ተንታኞች፣ ጂኒዎች እግሯ እንደ አህያ ነው፣ ጠጉራምም ነው ብለው ለሰሎሞን ስለነገሩት እውነቱን ለማየት ወለሉን እንዳሠራ ይጨምራሉ። እዚህ ላይ የሚገለጠው የተሸፈነ እግር ነው።

ሁለተኛው ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 ያሳተመው የትግራይ ትውፊት ነው። በዚህ ትረካ እትየ አዜብ የምትባል ልጃገረድ ለዘንዶ ተሰጥታ በዛፍ ላይ ታስራ ሳለ ቅዱሳን ዘንዶውን ይገድሉታል፤ ደሙ ግን ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ የአህያ ተረከዝ ይሆናል። የአገሩ ሰዎች ይሾሟታል፤ እርሷም እንደ እርሷ ያለችውን አንዲት ልጃገረድ ምክትሏ ታደርጋለች። ሰሎሞን እግሯን ሊፈውስ እንደሚችል ስትሰማ ሁለቱ ሴቶች ጠጉራቸውን እንደ ወንድ ያበጃሉ፤ ሰይፍ ይታጠቃሉ፤ የወንድ ንጉሥና ሹም መስለው ይጓዛሉ። በደጁ ስትገባ እግሯ ይድናል። ሰሎሞን ምግብና ጠጅ ሲያቀርብ ግን ሁለቱ እንግዶች በሴት ጭምትነት ጥቂት ብቻ ይቀምሳሉ፤ በዚህ ይጠረጥራቸዋል። በሌሊት ማር የሞላ አቁማዳ ያንጠለጥልና ቀዳዳ አበጅቶ ከሥሩ ገበታ ያስቀምጣል። የተኛ መስሏቸው ተነሥተው ማሩን ሲልሱ ሴቶች መሆናቸውን ያረጋግጣል፤ ከሁለቱም ጋር ይተኛል። ሲለያዩም ለልጁ መታወቂያ የብር በትርና ቀለበት ይሰጣቸዋል፤ ሴት ብትወለድ በትሩን፣ ወንድ ቢወለድ ቀለበቱን።

ሦስተኛው የክብረ ነገሥት ነው። እዚህ ማክዳ በወንድ ልብስ አትመጣም፤ በጥበብ ፍለጋ፣ በንግሥትነቷ ትመጣለች። ፀሐይን ማምለክ ትታ የእስራኤልን አምላክ ትቀበላለች። ከመመለሷ በፊት ሰሎሞን ግብር ያበላታል፤ የሚያስጠማ ቅመም የበዛበት ምግብና የሚያቃጥል መጠጥም ያቀርብላታል። ከዚያም በቤቱ እንድታድር ይጠይቃታል። በኃይል እንዳይነካት ታስምለዋለች፤ እርሱም በቤቱ ካለው ነገር አንዳች በኃይል እንዳትወስድ ያስምላታል። በሌሊት ጥማት ሲያስነሣት የተቀመጠውን ውኃ ልትጠጣ ትሄዳለች፤ ተኝቻለሁ ብሎ ያስመሰለው ንጉሥ እጇን ይይዛል። ውኃ መሐላ ያፈርሳልን ብላ ትጠይቃለች፤ እርሱም ከውኃ የሚበልጥ ሀብት የለም ይላታል። ከመሐላው ነፃ ታደርገዋለች፤ ትጠጣለች።

ሦስቱ ፈተናዎች የሚለያዩትን ያህል በአንድ ቅርጽ ይገናኛሉ። አንዲት ገዥ በሥልጣን ምልክት ተሸፍና ትመጣለች፤ ሸፋኙ ረጅም ቀሚስ፣ የወንድ ልብስ ወይም የልጃገረድ ንግሥት ክብር ሊሆን ይችላል። ንጉሡ አንድ ፈሳሽ ወይም ፈሳሽ የሚመስል ነገር ያስቀምጣል። ሰውነቷ በፍርሃት፣ በረሃብ ወይም በጥማት ምክንያት ምልክቱን ይከዳዋል። ንጉሡ በሦስቱም ቦታ የሚያይ፣ እርሷ የምትታይ ናት። የትግራዩ ትረካ ከሁሉ በላይ ግልጽ ነው፤ የወንድነት ምልክት በጠጉርና በሰይፍ ሊለበስ እንደሚችል ያውቃል፤ ሴትነትንም የሚያገኘው በገላ ሳይሆን በአበላል ልማድ ነው። የሃሩኖቡን ወጣቶች የሚያነብ ተመራማሪ ለዚህ ትረካ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ በኤዶ የምልክቶቹ መምሰል ለተመልካቹ የሚሸጥ ደስታ ሲሆን፣ በዚህ ግን መግለጥ ያለበት ምስጢር መሆኑ ነው።

ሸራው ያስቀረውና ያቆየው

በአጋሮው ሸራ ላይ የወንድ ልብስ የለበሰች ንግሥት የለችም። ሠዓሊው የዘንዶውን ታሪክ ከቃል ትውፊት ወስዶ የመለወጫ ልብሱንና ማሩን ትቷቸዋል፤ ውኃውን ከክብረ ነገሥት ይዟል። ምርጫው የገበያ ሥዕል ጠባይ ያስገድደዋል። ተመልካቹ ንግሥቲቱን በየክፍሉ ወዲያው ማወቅ አለበት፤ ወንድ መስላ ብትሣል ግን መግለጫውን ለማያነብ ሰው ትጠፋለች። ሆኖም የጎደለው ነገር ትርጉም አለው። ሥዕሉ ሴት ገዥ የወንድን ምልክት ልትለብስ የምትችልበትን ዕድል አስቀርቶ፣ ሴትነቷ ሊገለጥ የሚችልበትን ሌሊት አቆይቷል።

አራቱ ምልክቶች ሲታዩ እንዲህ ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ክፍሎች ንግሥቲቱ ዘውድ ደፍታ፣ ካባ ደርባ፣ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ በዙፋን ተቀምጣለች፤ አሽከር ጥላ ይዞላታል፤ በእጇ በትር አለ። በሰሎሞን አደባባይ ሁለቱ ነገሥታት በእኩል ቁመት ተሥለዋል። ዘውዳቸው አንድ ነው፤ ካባቸው በቀለም እንጂ በቅርጽ አይለያይም። የሰሎሞን ጺም ባይኖር ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። እኩልነቱን የሠራው ሠዓሊው ራሱ ነው።

በግብሩ ክፍል ይህ እኩልነት ገና አለ። በሌሊቱ ክፍል ሁለት አልጋዎች ትይዩ ተዘርግተዋል፤ በመካከላቸው እንስራ ቆሟል። ንግሥቲቱ ጎንበስ ብላ ዋንጫ ይዛለች፤ ንጉሡ ከአልጋው ተነሥቶ የእጇን አንጓ ጨብጧል። በትሩ ከእጇ ወጥቶ በቦታው ዋንጫ የገባው እዚህ ነው። በሚቀጥለው ክፍል ሁለቱም በአንድ ቡሉኮ ሥር ናቸው፤ የሚታዩት ራሶቻቸው ብቻ ሲሆኑ ዘውዶቻቸውን አላወለቁም። በአልጋ ላይ ዘውድ መድፋት ለዛሬ ተመልካች ያስቃል። ይሁንና ከሹንጋው ልብስ ጋር አንድ ሥራ ይሠራል፤ ገላው ስለማይታይ ማንነትን የሚጠብቀው የራስ ጌጥ ነው። ሁለቱም በሁለት ዓይን ስለተሣሉ ሠዓሊው በማንም ላይ አልፈረደም። ከዚህ ክፍል በኋላ ያለው ለውጥ ግን ፈጣን ነው። ንግሥቲቱ ቀለበት ትቀበላለች፤ ሕፃን ታቅፋለች፤ ልጇን ትሸኛለች። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ምኒልክ ሲሆን፣ እርሷ ከጎን ቆማለች።

የአልጋው ክፍል እንደ ሕግ

ይህ የምልክት ሽግግር የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም፤ በክብረ ነገሥት ውስጥ በግልጽ የተነገረ ሕግ አለው። በመጽሐፉ እንደተተረከው በኢትዮጵያ እስከዚያ ዘመን የነበረው ሥርዓት ወንድ የማታውቅ ድንግል ሴት እንድትነግሥ ነበር። ማክዳ ልጇን ወደ ሰሎሞን ስትልክ ግን ከዚህ በኋላ ከሰሎሞን ዘር የሆነ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ ትወስናለች፤ ምኒልክ ሲመለስም ዙፋኑን ለእርሱ ትለቃለች፤ መኳንንቱም በዚሁ ይምላሉ።

ሁለቱን ድንጋጌዎች አንድ ላይ ስናነብ የአልጋው ክፍል ትርጉሙ ይለወጣል። ሴት የምትነግሠው በድንግልናዋ ከሆነ፣ ያች ሌሊት የግል ሕይወቷን ብቻ ሳይሆን የመንገሥ ብቃቷን ትነካለች። ውኃውን ስትጠጣ የሚፈርሰው መሐላ የእርሷ ነው፤ የሚፈርሰው ሥርዓት ግን የአገር ነው። ሥልጣኗ በሰውነቷ ላይ የቆመ ስለነበር በሰውነቷ በኩል ተወሰደ። ትረካው ይህን ሲያደርግ ንግሥቲቱን አያዋርድም፤ ጥበበኛና የአገሯን እምነት የመለሰች ናት ይላታል። ግን ከገዥነት ወደ ገዥ እናትነት ያሻግራታል፤ ክብሯን ጨምሮ ዙፋኗን ይቀንሳል።

ፈቃድን በተመለከተ ትረካው ራሱ ከአንባቢው ይልቅ ጠንቃቃ ነው። መጽሐፉ ንጉሡ በኃይል እንዳይነካት ማለ ሲል ኃይል ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በመቀጠል ያለ ኃይል የሚያስገድድ መንገድ ምን እንደሚመስል ያሳያል። አስቀድሞ የታሰበ ጥማት፣ በቅርብ የተቀመጠ ውኃና የተኛ የመሰለ ሰው ሲደመሩ፣ ፈቃድ የሚባለው ነገር የተዘጋጀ ወጥመድ መውጫ ይሆናል። በቃል ሲተረክ የሚሳቀው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥንታዊውን ትረካ በዘመኑ ሕግ መክሰስ አይደለም። ነገር ግን ሥዕሉን የምናስተምርበት ሰው ሁሉ ያስታውስ ዘንድ የሚገባ ነገር አለ፤ የእጅ አንጓዋን የተያዘች ሴት በሥዕሉ መሃል አለች፤ ሳቁ እርሷን እንዳናያት ሊያደርገን አይገባም።

ሕጉ በሸራ ላይ ብቻ አልቀረም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ቆጥሯል፤ የተሻሻለው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ደግሞ የዙፋን ወራሽነትን ለወንድ ልጅ ወስኗል። በእነዚህ ሰነዶች ንግሥቲቱ የዘሩ ምንጭ ስትሆን ሴት ልጆቿ ግን ወራሽ አይደሉም። ከዚያ ቀደም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. የነገሡት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ለዚህ ሥርዓት ልዩ ሁኔታ ነበሩ። እርሳቸውም ዙፋኑን ሲይዙ ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደርጓል፤ ከጎናቸውም ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆነው ተሾመዋል። የነገሠች ሴት አልጋ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን ክብረ ነገሥት ከተጻፈ ከስድስት መቶ ዓመታት በኋላም እናያለን።

ስም የሌላት ሴት

በአጋሮው ሸራ ላይ፣ በሌሎችም የዚህ ዓይነት ሸራዎች እንደሚታየው፣ ሰሎሞን ከንግሥቲቱ በፊት ከደንገጡሯ ጋር የተኛበት ክፍል አለ። ይህ በቃል ትውፊት የቆየ ሲሆን፣ የዛጉዌ ነገሥታት ከዚያች ደንገጡር ልጅ እንደሚወለዱ የሚናገር ወግም አለ። አጥኚዋ በሸራው ፊት ማስታወሻ ስትይዝ፣ በቤቱ ቡና የምታፈላው ሴት ቀርባ ጣቷን በዚህ ክፍል ላይ አሳረፈችና የሁሉም ስም ሲጻፍ የዚህች ብቻ ለምን እንዳልተጻፈ ጠየቀች። መግለጫው በእርግጥ ገረዲቱ ከማለት ውጭ ስም አይሰጣትም።

ጥያቄው በአራቱ ምልክቶች ላይ የጎደለውን አምስተኛውን አሳየን፤ እርሱም መደብ ነው። ደንገጡሯ በአልጋ ላይ የምትታወቀው በዘውድ አለመኖር፣ በተሠራ ጠጉርና በነጭ ቀሚስ ነው። ለእርሷ መሐላ አልተጠየቀላትም፤ ከውኃው ጋር ያደረገችው ክርክርም የለም። ንግሥቲቱ ፈቃዷን በንግግር ታስጠብቃለች፤ ወጥመድ ቢሆንም ትከራከራለች። ገረዲቱ ግን ዝም ብላ ታልፋለች። በትግራዩ ትረካ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ልብስ፣ በአንድ ሰይፍና በአንድ ማር እኩል ነበሩ፤ ሁለቱም በትርና ቀለበት ተቀብለዋል። የወንድ ልብሱ ከሥዕሉ ሲወጣ አብሮ የወጣው ይህ እኩልነት ነው። ፆታን ብቻ የሚያነብ ዘዴ ይህን ኪሳራ አያይም።

ከጅማ ሲታይ

ሥዕሉ የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት ታሪክ ይዞ የተሰቀለበት አካባቢ የራሱ ቤተ መንግሥት፣ የራሱ ነገሥታትና የእስልምና ባህል የነበረው የጅማ ግዛት ነው። ስለዚህ የአካባቢው ተመልካች ሸራውን በሌላ ዓይን ሊያይ ይችላል። በዚያው ምግብ ቤት አንድ አዛውንት ተመጋቢ ንግሥቲቱን ቢልቂስ ብለው ጠሯት፤ በመካከል ያለውን እንስራ አይተውም መስተዋቱ የት እንዳለ ጠየቁ። ለእርሳቸው የታሪኩ መጨረሻ አልጋ ሳይሆን እምነት ነው። በቁርኣኑ ትረካ ንግሥቲቱ ለሰሎሞን ሳይሆን ከሰሎሞን ጋር ለፈጣሪ እጅ ትሰጣለች፤ ልጅም፣ የዙፋን ሽግግርም አልተጠቀሰም። አንድ ሸራ በአንድ ገበታ ዙሪያ በተቀመጡ ሰዎች ዘንድ ሁለት ንግሥቶችን ይይዛል።

የጅማ ታሪክ ራሱ ለንጽጽር የሚሆን ምልክት አለው። የጅማ ነገሥታት የሚታወቁት አባ በሚል በሚጀምር የፈረስ ስም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋርም በዚሁ ስም በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ይታወሳሉ። የፈረስ ስም የወንድ ጦረኛና ገዥ ምልክት ነው፤ እንደ ሰይፉና እንደ ጠጉሩ የሚለበስ ማንነት ነው። በዚያው ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ተደማጭነት የነበራቸው እናታቸው ደግሞ በታሪክ የሚጠሩት በእመቤትነትና በእናትነት ማዕርግ ነው። ማክዳ በሸራው መጨረሻ የቆመችበት ቦታና የአባ ጅፋር እናት በጅሬን የያዙት ቦታ በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ከዙፋኑ ጎን ናቸው፤ ኃይል አላቸው፤ ኃይላቸው ግን በልጅ በኩል ይናገራል። የሁለት የተለያዩ መንግሥታትና ሃይማኖቶች ትውፊት በዚህ ነጥብ ላይ መገናኘቱ፣ የሸራው ሕግ የአንድ ሥርወ መንግሥት ብቻ እንዳልነበር ይጠቁማል።

ማጠቃለያ

ጥናቱ የደረሰበት ነጥብ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛ፣ በንግሥተ ሳባ ተከታታይ ሥዕሎች ፆታ በገላ ሳይሆን በዘውድ፣ በጺም፣ በበትርና በአቀማመጥ ይነገራል፤ በዚህም ከኤዶ ኅትመቶች ጋር አንድ ዘዴ ሊነበብ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአልጋው ክፍል ከክብረ ነገሥት ሁለት ድንጋጌዎች ጋር ሲነበብ ሥልጣን ከድንግል ንግሥት ወደ ወንድ ልጅ የተላለፈበት ቦታ ነው። ሦስተኛ፣ ሠዓሊው የወንድ ልብሱን ትረካ ሲተው የጠፋው ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ሴት ገዥ በሌላ ምልክት ልትታይ የምትችልበት መንገድና የደንገጡሯ እኩልነት አብረው ጠፍተዋል።

ጥናቱ የተመሠረተው በቅርብ በታየ አንድ ሸራ ላይ ስለሆነ፣ ግኝቱ በሌሎች ሸራዎች መፈተን አለበት። ለዚህም ጊዜው አጭር ነው። በቡና ከተሞቻችን ምግብ ቤቶች የተሰቀሉት ሸራዎች በጢስና በእርጥበት እየተጎዱ ናቸው፤ ቤቱ ሲታደስም በቦታቸው በማሽን የታተመ ማስታወቂያ ይሰቀላል። በሙዚየም የሚገኙት ሸራዎች ሊጠበቁ ይችላሉ፤ ሸራ ከነተመልካቹ የሚገኘው ግን በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ብቻ ነው። ስለሆነም በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በቦንጋ ያሉትን በፎቶግራፍ መመዝገብ፣ መግለጫዎቻቸውን መገልበጥና ከሥራቸው የሚቀመጡትን ሰዎች አነጋገር መሰብሰብ ለአንድ የምርምር ቡድን የሚበቃ ሥራ ነው። የመጀመሪያው መጠይቅም ቡና አፍዪዋ በጣቷ ካመለከተችው ክፍል ቢጀምር መልካም ነው። የዚያች ሴት ስም በየትኛውም ሸራ ላይ ተጽፎ ይሆን?